የውሰት ክንድ

«ዝናብ ጥሎ ጥሎ ሰማዩ ሲጠራ፣
ፈርቼ... ም-ም-ም... ም-ም-ም... ጋራ።»

ንቢት ይህን ዘፈን ስታንጎራጉር ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሁልጊዜ ትሰናከላለች። የመጀመሪያውን ቃልና የመጨረሻውን ታውቃለች፤ መሐሉን ጊዜ በልቶባታል። ልጅ ሳለች ከጎረቤት ሰርግ በአጥር ቀዳዳ የሰማችው ነው። ያኔ እናቷ ጆሮዋን ይዛ ወደ ቤት ባትጎትታት ኖሮ ስንኙ ሞልቶ ይቀርላት ነበር። «እናቴ ነፍሷን ይማርና ግማሽ ዘፈን አውርሳኝ ሄደች» ትላለች። ይኸው ፀጉሯ እስኪሸብት ድረስ ግማሹን ስታዞረው ኖራለች፣ የጠፋ ቁልፉን ፍለጋ ቤቱን እንደሚዞር ሰው።

ሥራዋ ደም መቅዳት ነው። ንቢት ያሏትም በሽተኞቹ ናቸው፤ እያዜመች ትመጣለች፣ ትነድፋለች፣ እያዜመች ትሄዳለች። እሷም ስሙን ወዳዋለች። «እውነተኛዋ ንብ አንዴ ነድፋ ትሞታለች። እኔ ይኸው ነድፌ ነድፌ ጡረታ ልወጣ ነው።»

ክፍሏ ከሆስፒታሉ መተላለፊያ በአንዲት ሰማያዊ መጋረጃ ተለይታለች። እጀታው ሰፊ የሆነ አንድ ወንበር፣ እጅ መታጠቢያ፣ የመርፌ መጣያ ሣጥን፣ ቀለሙ የተላጠ መስኮት፤ በቃ። ከጀርባዋ ካለችው ጓዳ ውስጥ ደግሞ የሻይ ማፍያ፣ አንድ በርጩማና ምሳ ዕቃዋ ይቀመጣሉ። ደም ከሚቀዳበት ክፍል ምግብ ስለማይገባ ንቢት ለመብላት ደፍ መሻገር አለባት። እሷ ደግሞ ደፉን ከተሻገረች በኋላ የማይጠራት ሰው የለም። ዳቦ ቤት የምትሠራው ልጇ በዚህ ስትናደድ ኖራ ኖራ ይህ ታሪክ በሆነበት ዕለት ጠዋት ምሳ ዕቃውን እንደ ጥሪ ወረቀት ደረቷ ላይ ለጠፈችላት።

«እማዬ፣ ይኼ ዛሬም ሞልቶ ከተመለሰ አንቺም አብረሽው ተመለሺ። በሩን አልከፍትም።»

«የገዛ ቤቴን?»

«የገዛ ቤትሽን!»

ቀጠሮ የተያዘለት ቀዶ ሕክምና ያለው ሰው ሁሉ ከቢላው በፊት በንቢት እጅ ያልፋል። የደም ዓይነቱ ይታያል፤ ኤች አይ ቪና ሁለቱ የጉበት ቫይረሶች መኖር አለመኖራቸው ይመረመራል፤ ለሚቀደደውም ለሚቀድደውም ደህንነት ሲባል። ንቢት እንደምትለው ሰው ቢላውን አይፈራም፤ ለቢላው ያስተኙታል። የሚፈራው ነቅቶ የሚሰማውን ነው። ባለ ሰፊ ትከሻ፣ ባለ ማዕረግ፣ ባለ ሦስት ሚስት፣ ሁሉም ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አንድ ነው። አንድ የዘብ አለቃ ገና ክንዱ ላይ ላስቲኩ ሲታሰርለት ላብ ቢያጠምቀው እንዲህ ብላ ገጥማበታለች፦

«በሩቅ ያዩህ ሁሉ አንበሳ ነው አሉ፣
መርፌ ፊት ሲደርሱ ጉልበቶች ይዝላሉ።»

አለቃው እስኪስቅ ድረስ መርፌው ገብቶ ወጥቷል።

አንድ ልማድ አላት፤ የሰው ፊት አታይም። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ማንም ያልጠየቀውን ይናዘዛል። ሚስቱን፣ ባሏን፣ የሩቅ ከተማ ሌሊት፣ ያልተቀቀለ መርፌ፤ ሁሉንም ግንባሩ ላይ ያወጣዋል። ንቢት ይህን ማየት ነውር ይመስላታል። «ፊት የባለቤቱ ነው፤ ክንድ የኔ ነው» ብላ ዓይኗን ትሰብራለች። ስለዚህ የሰው መልክ አይያዝላትም፤ የሰው ክንድ ግን አይረሳትም። አውቶቡስ ውስጥ ከፊቷ ብረት የጨበጠ ክንድ አይታ «ደህና ነህ? ተሻለህ?» ስትል፣ ባለ ክንዱ ከላይ ሆኖ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ያላት ጊዜ አለ።

በዚያን ዕለት ጠዋት መጋረጃው በትከሻ ተገፋና አንድ ግዙፍ ሰው የሆስፒታል ጋዋን ለብሶ ገባ። ጋዋኑ ከኋላ አልተቋጠረም። ከሥሩ ሱሪ፣ ከሱሪውም ሥር ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማ ይታያል። ዓይኗ ወደ ታች ነውና ንቢት ቦቱን አየችው። የተኛ በሽተኛ ነጠላ ጫማ ነው የሚያደርገው፣ ብላ ማሰብ ጀምራ ነበር።

«ስምህን ከነአባትህ፣ ለምን እንደመጣህም ጭምር ንገረኝ።»

ሰውዬው ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ዕድሜውን፣ ነገ ጠዋት የሐሞት ጠጠር እንደሚወጣለት፣ ተማሪ ግጥም እንደሚያነበንብ ሳይተነፍስ አነበነበው። ከዚያ ክንዱን ዘረጋ።

ንቢት ባለ ሐሞት ጠጠሩን ታስታውሰዋለች። ባለፈው ወር የደም ማነስና የደም ዓይነት ብቻ ሊታይለት መጥቶ ነበር። ደም ስሩ ከመርፌ ሥር እንደ ዓሣ እየተንሸራተተ አሳሯን አብልቷት፣ «ውሃ ጠጣ! ይኼ ክንድ ሳይሆን የደረቀ ወንዝ ነው» ብላ ገሥጻው ነበር። አሁን ግን ፊቷ የተዘረጋው ደም ስር መርከብ የሚያስር ገመድ ነው። ንቢት በደስታ አበራች።

«ውሃውን ጠጣህልኝ ማለት ነው!»

«ምን?... አዎ! አዎ፣ ጠጣሁ። ጀሪካን ሙሉ!»

«አየህ? አየህ ምክር ሲሰሙ?»

የሰው ልጅ በገዛ ምስጋናው ሲጠመድ እንዲህ ነው። ቦቱም፣ ሱሪውም፣ ያልተቋጠረው ጋዋንም ከሐሳቧ ጠፉ። ደሙን ቀድታ፣ በብልቃጦቹ ላይ የባለ ሐሞት ጠጠሩን ስም ለጥፋ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ላገኘችው ነርስ ሁሉ የውሃን ጥቅም ስትሰብክ ዋለች።

እሷ ሳታውቀው የዋለችውን እኛ አስቀድመን እንወቀው። ባለ ቦቱ ያነበነበው ስለ ሌላ ሰው ሐሞት ነው። የበሽተኛው የሚስቱ ወንድም ነው።

እውነተኛው በሽተኛ አኮርዲዮን ይሉታል። በጉብዝናው አኮርዲዮን አንግቶ ከሰርግ ሰርግ፣ ከከተማ ከተማ የዞረ ሰው ነው። ዙረቱም ዜማ ብቻ አልነበረም። ካገባ ወዲህ ሰርግ ካልጠራው በቀር እግሩን ሰብስቦ ተቀምጧል፤ ያለፈው ግን በደሜ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል የሚል ስጋት ለቆት አያውቅም። ሚስቱ ደግሞ ገና ሆስፒታል ሲገቡ «ውጤቱን አብረን ነው የምንሰማው» አለችው። ያን ጊዜ ሐሞቱ ጠጠሩን እንደያዘ ፈሰሰ። ሚስቱ ውሃ ልትቀዳ በወጣችበት ወንድሟን ወደ አልጋው ሳበውና ጋዋኑን አውልቆ ሰጠው። ከሚስቱ የሚሸሽገውን ነገር ለሚስቱ ወንድም አደራ መስጠቱ ሞኝነት መሆኑ አልታየውም። ባለ ቦቱም ቢሆን ልቡ ደግ፣ ጉልበቱ ሙሉ፣ አፉ ሥራ የማይፈታ ሰው ነውና «ጋሼ፣ የኔ ደም እንደ ምንጭ ውሃ ነው፤ ተዋሰኝ!» ብሎ ተነሳ።

ምሳ ሰዓት አልፎ፣ ወረፋው ሲሳሳ፣ ንቢት ደፉን ተሻገረች። ምሳ ዕቃውን ከፈተች። የተቀቀለ ድንች በካሮት፣ አንድ እንቁላል፣ የልጇ ዳቦ። ሹካዋ ላይ ድንች ሰክታ ወደ አፏ ስታነሳ ጠብታ በሩ ላይ ቆመ። ጠብታ የላቦራቶሪው ባለሙያ ነው። ንቢት ብልቃጥ ሙሉ ደም ስትልክለት «አንዲት ጠብታ ትበቃኝ ነበር» እያለ ሲመጻደቅ ነው ስሙ የወጣለት።

«እትዬ ንቢት፣ ሰው ሐሳቡን ይቀይራል?»

«ይቀይራል።»

«ሚስቱን ይቀይራል?»

«ይሞክርና ያያታል።»

«የደም ዓይነቱን ይቀይራል?»

ሹካው አፏ ደርሶ ተመለሰ።

«ባለ ሐሞት ጠጠሩ ባለፈው ወር ኦ ነበር» አለ ጠብታ። «ዛሬ ቢ ሆኗል። እኔ ሥራ ከጀመርኩ እንዲህ ያለ ሰው አልገጠመኝም። አንቺ ውሃ አጠጣሁት አልሽ እንጂ...»

«ዝም በል። ነገ ደም ቢፈስሰውና ዛሬ በተጻፈው ዓይነት ቢሰጡት...»

«ከዚያ ወዲያ ሐሞት አያስፈልገውም።»

ከዚያ ጠብታ ቀልዱን ተወና ድምፁን ዝቅ አደረገ። የማን እንደሆነ ያልታወቀው ደም የጉበት ቫይረስ ቢ አሳይቷል። ሁለተኛ ምርመራ ይፈልጋል፤ ግን አሳይቷል።

ንቢት ቀስ ብላ ምሳ ዕቃውን ከደነች። አንድ ሰው ነገ በሰው ደም ሊሞት ይችላል። ሌላ ሰው ደግሞ ጉበቱ ውስጥ እንግዳ አስተኝቶ፣ ሳያውቅ፣ በጭቃ ቦት እየተንጎማለለ ነው። ሁለቱንም ያሳለፈቻቸው የገዛ ዓይኗ ናት፤ ቦቱን አይታ ፊቱን ያላየች።

«ውጤቱን ያዘው፤ በዚያ ስም አንድም ነገር እንዳይወጣ» አለችው። «የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ ስህተቱም የኔ ነው ብለህ ለቀዶ ሕክምና ሐኪሟ ንገራት። እኔ ባለ ክንዱን ላምጣው።»

ከፍ ብሎ ባለው የተኝቶ መታከሚያ ክፍል አኮርዲዮን አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣቶቹን ብርድ ልብሱ ላይ ያጫውታል። ሚስቱ፣ ትንሽና ቀጥ ያለች ሴት፣ የባሏን ጫማ ጭኗ ላይ ታቅፋ ተቀምጣለች፤ አልጋ ሥር ያስቀመጡት ጫማ እግር ያወጣል ብለዋታል። ወንድሟ ግድግዳውን ተደግፎ ለበሽተኛው የመጣውን ሙዝ ይልጣል። ሙቀቱ ሰው ያቀልጣል፤ እሱ ግን የሹራቡን እጅጌ እስከ አንጓው ስቦታል።

«እንዴት ዋላችሁ» አለች ንቢት። «የነደፍኩበትን ቦታ ላየው ነው፤ እንዳያብጥ።»

አኮርዲዮን ክንዱን ገልጦ በኩራት ዘረጋ። ክርኑ እጥፋት ላይ ፕላስተር አለ። ንቢት ጫፉን ይዛ ሳበችው፤ ፕላስተሩ ፀጉሩን ይዞ ተነሳ።

«ኧረ በፈጠረሽ!»

ከሥሩ ያለው ቆዳ የሕፃን ጉንጭ ነው። ነጥብ እንኳ የለውም።

«እሰይ» አለች ንቢት፣ «እጄ እንዴት ቢባረክ ነው? ነድፌው ምልክቱ ጠፋ!» ከዚያ የጠዋቱን ቦት አየችና ወደ ባለ ሹራቡ ዞረች። «አንተ ጎበዝ፣ ከባድ ወንበር የሚያነሳልኝ ክንድ እፈልጋለሁ። በሽተኛውንም ይዘኸው ውረድ፤ ትንሽ ይንቀሳቀስ።»

«ወንድሜን ደግሞ ምን ፈለግሽው?» አለች ሚስትየዋ።

«ክንዱ ጥሩ ነው ብለውኝ ነው እታለም።»

«ክንዱስ ጥሩ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ነው ጌታ የቸኮለው።»

ሁለቱ ሰዎች ከመጋረጃው ኋላ ሲቆሙ ንቢት በሕይወቷ ያላደረገችውን አደረገች፤ ቀና ብላ ፊታቸውን አየች። የአንዱ ፊት የሰረቀ ድመት ነው፤ የሌላው የተሰረቀበት።

«ማነው የተበደረ፣ ማነው ያበደረ?»

ባለ ቦቱ ሳቀ። «እትዬ ንቢት፣ ምን አለበት? ደም ደም ነው!»

«እንዲያ ነው? ነገ በዚህ ቀልድ አማችህ ውስጥ ያንተን ዓይነት ደም ቢያንቆረቁሩበት፣ ከሰዓት በኋላ ጫማውን ታቅፋ የምታለቅሰው እህትህ ናት።»

ሳቁ እዚያው ላይ ቀረ። አኮርዲዮን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ነው የተቀበለው እንጂ እሱስ ወድቆ ነበር።

ንቢት ባለ ቦቱን በለሆሳስ «ሐኪሟ ትፈልግሃለች፤ ስላንተው ስለ ራስህ ነው» አለችው። «አትደንግጥ፤ ብቻ ሂድ። በራስህ ስም፣ በራስህ ፈቃድ።» እሱም አንድ ነገር ሊቀልድ አፉን ከፈተ፣ ፊቷን አየ፣ ዘጋው። ቦቱ በመተላለፊያው ላይ እየራቀ ሲሄድ ተሰማ።

«አሁን ደግሞ አንተ» አለችው አኮርዲዮንን። «ምን ፈራህ?»

«የፈሩት ይደርሳል አይደል?» አለ፣ ጣቶቹ ወንበሩ እጀታ ላይ እየተጫወቱ። «ወጣት ነበርኩ። ሁሉ ቤት አጨብጭቦ ይቀበለኝ ነበር። ቢገኝብኝ ቀዶው ይቀራል፤ እሱ ይቅር። እሷ ግን... እሷ ትሰማለች።»

«ቢገኝብህም ቀዶው አይቀርም፤ ሐኪሞቹ ይዘጋጁበታል እንጂ። ውጤቱም ያንተ ብቻ ነው። ሚስትህ ራስጌህ ብትቆም እንኳ አንተ ካልፈቀድክ አንድ ቃል አይነገራትም።»

«እሷን አታውቂያትም። አብረን ነው የምንሰማው ብላለች። ፊቴን አይታ ታነበዋለች።»

«አነበዋለሁ» አለ ድምፅ።

መጋረጃው ተገለጠ። ሚስትየዋ ጫማውን እንደታቀፈች ቆማለች። አኮርዲዮን ወንበሩ ላይ ሊያንስ የሚችለውን ያህል አነሰ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምሽው?» አለ።

«የቆምኩትን ተወው። ወንድሜ ጋዋን ለብሶ ሲወርድ አይቼዋለሁ። ጠዋት! ጀርባው ተገልጦ ኮሪደሩን ሲያቋርጠው አይቼ፣ ይኼ የማን ዕቅድ ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሠላሳ ሰው የሚያህል ሰው በባሌ ጋዋን ሲሄድ ማን ያቀደው እንደሆነ አውቃለሁ። የጠበቅኩት እስክትነግረኝ ነበር።»

«የኔ እመቤት...»

«ዝም በልና ስማኝ። የመጨረሻዋን ልጃችንን ሳረግዝ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ነፍሰ ጡርን ምን ምን እንደሚመረምሯት አንተ የት ታውቃለህ፤ ሰርግ ላይ ነበርክ። የዙረትህን ነገር እኔ ያኔም አውቅ ነበር። ብቻዬን ፈራሁ፤ ብቻዬን ውጤቱን ሰማሁ፤ ደህና ነሽ አሉኝ፣ ብቻዬን አልቅሼ ወደ ቤት ሄድኩ። ለአንተ አልነገርኩህም። ዛሬ አብረን እንስማ ያልኩህ ልይዝህ መሰለህ?» ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ከሆስፒታሉ ከገባች ጀምሮ መጀመሪያ ጊዜዋ። «ሰው ይህን ነገር ብቻውን መስማት እንደሌለበት ስለማውቅ ነው።»

አኮርዲዮን እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱን ዘረጋ።

ንቢት ላስቲኩን አሰረች። ደም ስሩ እንደ ለመደው ጠፋ። ክንዱን መታ መታ አደረገችው፣ አሸችው፤ አንዴ ብቅ ይላል፣ መርፌውን ሲያይ ይሰጥማል። «የኔ ሌባ! ባለቤቱን መስለሃል» ብላ ሰደበችውና፣ እጇ እንዲረጋ እንደ ልማዷ ማንጎራጎር ጀመረች።

«ዝናብ ጥሎ ጥሎ ሰማዩ ሲጠራ፣
ፈርቼ... ም-ም-ም...»

«ምን ም-ም-ም ነው የምትዪው?» አለ አኮርዲዮን፣ ቀና ብሎ። ስንት ሰርግ ላይ በጣቱ ያስኬደው ዜማ ነው፤ ሲገደል ዝም ብሎ ማየት አልቻለም። መርፌውንም ረሳው።

«ጠፍቶብኝ ነው።»

«እንዲህ ያለ ስንኝ ይጠፋል?» ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ አርጅቷል፤ ግን ቤቱን ያውቀዋል።

«ዝናብ ጥሎ ጥሎ ሰማዩ ሲጠራ፣
ፈርቼ የሸሸኋት ቆማ ከኔ ጋራ።»

መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰበረ። ቀና ብሎ ሚስቱን አየ፤ የዘፈነውን ገና አሁን የሰማው መሰለ። እሷም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በዚያች ቅጽበት ደም ስሩ መደበቁን ረሳና ከፍ አለ። ንቢት ነደፈች። ደሙ ብልቃጡ ውስጥ ሳይለመን ገባ።

«ይኸው» አለች፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች፤ «ውሃ አይደለም ለካ የጎደለህ።»

ባለ ቦቱ ሲመለስ እንደ ወትሮው አልጮኸም። ሐኪሟ እንደገና ደሙን አስቀድታ፣ የሚሆነውንም የማይሆነውንም አስረድታዋለች፦ ተረጋግጦ ቢገኝበት እንኳ የሚከታተሉት፣ መድኃኒት ያለው ነገር ነው፤ ቤተሰቡም ተመርምሮ ክትባት ያገኛል።

«ለሰው ብዬ ሄጄ የራሴን አገኘሁ» አላት ለንቢት ጆሮዋ ሥር። «ምንጭ ውሃ ብዬ ነበርኮ።»

«ምንጭም ይጣራል» አለችው። «ባታውሰው መቼም አትደርስበትም ነበር።»

እህቱ አፍጥጣ አየችው። «ምን ሆነሃል አንተ? አፍህን ጥለኸው መጣህ?»

«ቤት ስንደርስ እነግርሻለሁ እታለም። እኔው ራሴ።» ከዚያ መሬት ላይ የተቀመጠውን ጫማ አንስቶ ታቀፈላት። አማቹን ተመለከተ። «አንተ ግን ጋሼ፣ ሁለተኛ ጋዋንህን አልለብስልህም። ከኋላ ንፋስ ይገባል።»

ፀሐይ ወደ መስኮቱ ጥግ ስታዘነብል ጠብታ መጥቶ የአኮርዲዮን ደም ዓይነት ወደ ኦ «መመለሱን» አበሠረ። ሌላውን ውጤት ንቢት አልጠየቀችም፤ የሷ አይደለም። ሐኪሟ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ እንደጠራቻቸው ብቻ አየች፤ ባልየው ራሱ «አብረን» ስላለ። በሩ ተዘጋ። ንቢት መጋረጃዋን ይዛ ቆመች። እሷ የሰው ውጤት ጠብቃ አታውቅም፤ ዛሬ ግን እግሯ አልሄድ አላት።

በሩ ሲከፈት ማንም ምንም አልነገራትም። ከመተላለፊያው ጥግ ግን አንድ ያረጀ ድምፅ፣ ስለ ነርሶቹ ቁጣ ሳይጨነቅ፣ ዝናቡን አባርቶ ሰማዩን ሲያጠራው ሰማች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቀጭን የሴት ድምፅ ገባበት። ከዜማው ወጥታ ነበር፤ ማንም አላረማትም።

ንቢት ደፉን ተሻገረች። ምሳ ዕቃውን ከፈተች። ድንቹ ቀዝቅዟል፣ ዳቦው ጠርዙ ደርቋል፣ እንቁላሉ እንዳለ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ የለ? ውሸቱ ቀሏል፤ ስንቁ ግን እስካሁን ሙሉ ነው። በርጩማውን ሳበች።

«እትዬ ንቢት!» አለ አንድ ሰው ከመጋረጃው ማዶ። «የሚቀዳ ሰው አለ!»

ንቢት እንቁላሉን ምሳ ዕቃው ውስጥ ትታ በመጋረጃው ስንጥቅ አንገቷን አውጥታ የመጣውን ሰው ከእግሩ ሳይሆን ከፊቱ ጀምራ በደንብ አየችው።

«ፊትህን አውቄዋለሁ» አለችው። «ተቀመጥና ጠብቀኝ። ልጄ በር ትዘጋብኛለች።»

ተመልሳ ተቀመጠች፤ እየበላች፣ አፏ ሞልቶ፣ ስንኙን ሙሉውን እያዜመች።